«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉኝ ዝም የምለው ለምን ነበር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «በድንገተኛ ኦፕራሲዮን ከወለድኩ 3 ወር ሆነኝ። ልጄ ደህና ናት። እኔ ግን በሆስፒታሉ በር ማለፍ አቃተኝ፤ ሌሊት ሌሊት ያ ክፍል ይመጣብኛል። ምስጋና ቢስ ሆኜ ነው? ሁለተኛስ መውለድ እችላለሁ?» ነው ያልሽው። ምስጋና ቢስ አይደለሽም። የኔን ልንገርሽ።

እኔ ኦፕራሲዮን አልሆንኩም። ካርዴ ላይ የተጻፈው በምጥ በሰላም እንደወለድኩ ነው። ግን እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ በእጅ አወጡት። «አሁን እንዲህ ልናደርግሽ ነው» ያለኝ ሰው የለም። ስጮህ አንዷ «ያኔስ እንዲህ ጮኸሻል?» አለችኝ። ሕመሙን ረስቼዋለሁ። ይቺን ግን እስከነድምጿ አስታውሳታለሁ።

አራስ ቤት ገንፎው ይገነፋል፣ ጠያቂው ይጎርፋል። ሁሉም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ምርቃቱን እወደዋለሁ፣ እኔም ለሌላ ሰው እለዋለሁ። ግን ማርያም ከማረችሽ በኋላ ምን ቀረሽ ይባላል? አፌን ዘጋሁ።

በ5ኛው ወር ጸጉር ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ቀለም ልትቀባኝ ጓንቷን ጠ! አድርጋ ስትለብስ ላብ አጠመቀኝ። ፎጣውን እንዳንጠለጠልኩ ወጣሁ። (ፎጣውን በኋላ መልሻለሁ።)

ሐኪም ጋ ስሄድ መጀመሪያ የድብርት መጠይቁን ሞላሁ። 10 ጥያቄ ነው፤ ያለፉትን 7 ቀናት ስሜት ይጠይቃል። ስለ ወሊዱ አንድም ቃል የለውም። ውጤቴ ደህና ነበር። የጓንቱን ነገር ስነግራት ነው ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ያዳመጠችኝ።

ያንቺ ከከባድ ወሊድ በኋላ የሚቀር የድንጋጤ ሕመም ነው፣ በእንግሊዝኛ PTSD ይሉታል፤ ድብርትና ይሄ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም አለችኝ። አንዳንዷ ሁለቱም አንድ ላይ ይይዛታል። የወሊዱ ትዝታ ሳትፈልጊው ከመጣ፣ ቅዠት ካለ፣ የሚያስታውስሽን ቦታ ከሸሸሽ፣ ልጅሽ ተኝታም ትንፋሿን ደጋግመሽ የምታዳምጪ ከሆነ፣ ይሄም ከአንድ ወር በላይ ከቆየ መታየት አለብሽ። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ የሚይዛቸው ከ100 ወላዶች 4 ያህሉን ነው። ከባድ ወሊድ ባሳለፉት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል። ዋናው የስፌቱ ብዛት አይደለም። «ልሞት ነው፣ ልጄ ልትሞት ነው» ብለሽ ፈርተሻል ወይ? ሰው አድርጎ ያየሽ ነበር ወይ? ለዚህ ነው «በሰላም» የወለድኩት እኔም የታመምኩት።

የሚድነው በዚሁ ላይ በሠለጠነ ባለሙያ፣ በተከታታይ ቀጠሮ፣ ቀስ እያሉ በማውራት ነው። አዲስ አበባ ከሆንሽ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። «አማኑኤል ሄደች» የሚለውን ወሬ እኔም ፈርቼ ነበር፤ ወሬው ሳምንት አልቆየም። ዘመድ ከቦሽ «ንገሪን፣ ይውጣልሽ» ቢልሽ ግን ካልፈለግሽ አትናገሪ፤ ተገዶ ማውራት ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሁለተኛዬን ስፀንስ ገና በመጀመሪያው ክትትል ተናገርኩ፦ «ሳትነግሩኝ አትንኩኝ። እህቴ አብራኝ ትግባ።» የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ምጥ ላይ ያለች ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ግን ሁሉም ቦታ አያስገቡም፤ ስለዚህ ቀድመሽ ጠይቂ። እኔ ሁለት ቦታ እምቢ ተብዬ ሦስተኛው ጋ ነው የተመዘገብኩት። የማስታገሻውንም ነገር ያኔውኑ ጠየቅኩ።

ሁለተኛው ምጥ አልቀለለም፤ አልዋሽሽም። ግን አዋላጇ በየጊዜው «አሁን ልነካሽ ነው፣ ልቀጥል?» ትለኝ ነበር። እህቴ እጄን ይዛለች። የጓንቱን ድምፅ ሰማሁት፤ ያን ያህል አላስፈራኝም።

አንቺ ስለ ሁለተኛው ዛሬ መወሰን የለብሽም። መጀመሪያ ባልሽ ወይ እናትሽ አብረውሽ ይሂዱና ካርድሽን አስወጥታችሁ ሐኪም ያስረዳሽ፤ ለምን ኦፕራሲዮን እንደተወሰነ፣ ያኔ ምን እንደተፈጠረ። በሩ ጋ ስትደርሺ ካቃተሽ እነሱ ይግቡ፤ አንቺ ታክሲው ውስጥ ጠብቂ።