የበላይ ኃላፊ ለደህንነትና ለጥራት ምን ማድረግ ይችላል?

እህቴ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። «አለቆቼ የሥራ ቦታ ደህንነትንና የጥራት መሻሻልን የራሳቸው ጉዳይ እንዲያደርጉ ምን ልምከራቸው? ፖስተር ተለጥፏል፣ ስብሰባ ላይም ይወራል፣ ለውጥ ግን የለም» ብለሻል። እኔ በማምረቻ ድርጅቶች ውስጥ በደህንነትም በጥራትም ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ካየሁት ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት፣ አለቆችሽ ሪፖርት ላይ «ዜሮ ጉዳት» ሲያዩ አይዘናጉ። ዜሮ ማለት ወይ ጉዳት የለም፣ ወይ የሚናገር የለም ማለት ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሁለቱ አይለዩም። ቦነስ ከጉዳት ቁጥር ጋር ከተያያዘማ፣ ሰው የቆሰለ ጣቱን ጠቅልሎ ዝም ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። በ2010 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ የዲፕዋተር ሆራይዘን የነዳጅ መቆፈሪያ ሲፈነዳ 11 ሠራተኞች ሞቱ። በዚያው ቀን የነዳጅ ኩባንያው የቢፒና የመቆፈሪያው ባለቤት የትራንስኦሽን ኃላፊዎች እዚያው ለጉብኝት ተገኝተው ነበር። ከመጡበት ጉዳይ አንዱ፣ ለሰባት ዓመት ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ስላልደረሰ ሠራተኞቹን ማመስገን ነበር። ያ ቁጥር ግን ፍንዳታውን ስላመጣው የጉድጓዱ ግፊት ምንም አይናገርም።

ስለዚህ ዋናው ነገር መጥፎ ዜና ሳይቀባባ ወደ ላይ መድረሱ ነው። ፖል ኦኔል በ1987 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው አሉሚኒየም አምራች የአልኮዋ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሲሆኑ ለባለሀብቶች በመጀመሪያ ያወሩት ስለ ሠራተኛ ደህንነት ነበር። ንግግሩን ማንም ይናገረዋል፤ እኔ የማደንቀው ቀጥሎ ያደረጉትን ነው። ሰው ሲጎዳ የዘርፉ ኃላፊ በ24 ሰዓት ውስጥ ለእሳቸው እንዲያሳውቅ፣ እንዳይደገም ምን እንደሚደረግም እንዲያቀርብ አዘዙ። ይህ እንዲሆን ደግሞ ዜናው ከማሽኑ ጀምሮ እስከ ላይ ሳይቆም መሄድ አለበት። መንገዱ አንዴ ከተከፈተ የጥራት ችግርም በዚያው ይመጣል። በእሳቸው ዘመን በጉዳት የሚባክነው የሥራ ቀን በ100 ሠራተኛ ከ1.86 ወደ 0.2 ወርዷል።

አንድ ያየሁትን ልጨምርልሽ። ሥራ አስኪያጃችን አንድ ቀን ሳይነግሩን ማሸጊያ ክፍል ገቡ። ዕቃ በቀበቶ የሚያጓጉዘው ማሽን (የኮንቬየሩ) መከለያ ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሱፐርቫይዘሩ ሊቆጣ ሲል በእጃቸው ዝም አሰኙትና «ለምንድን ነው የምትፈቱት?» ብለው ጠየቁ። ሠራተኛዋ ፈራ ተባ እያለች «ካርቶኑ እየታጠፈ ይቀረቀራል። እሱን ለማውጣት ሁልጊዜ አራት ብሎን መፍታት አለብን» አለች። ካርቶኑ ለምን ታጠፈ? ስስ ስለሆነ። ለምን ስስ ሆነ? ግዢ ክፍል ርካሹን ስለመረጠ። በዚያው ሰሞን ደንበኞችም «ካርቶኑ ተጨማዶ ደረሰን» እያሉ ያማርሩ ነበር። ልብ በይ፣ የደህንነቱም የጥራቱም ችግር ምንጩ አንድ ነበር።

እኔ ግዢ ክፍልን ማዘዝ አልችልም። የጥገና ኃላፊውም አይችልም። እሳቸው ግን ካርቶኑ እንዲቀየር አዘዙ። መከለያውም በማጠፊያ እንዲከፈት፣ ሲከፈት ደግሞ ማሽኑ በራሱ እንዲቆም ተደረገ። ከዚያ ተመልሰው ሄደው ምን እንደተሠራ ለልጅቷ በራሳቸው አፍ ነገሯት። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹም መናገር ጀመሩ፤ ለጥቂት የተረፉበትን አደጋ ሳይቀር።

አለቆችሽ ሲዞሩ አጀብ አያብዙ። «ሁሉ ሰላም ነው?» ከተባለ መልሱ «ሰላም ነው» ይሆናል። «ሥራሽን የሚያከብድብሽ ምንድን ነው?» ቢሉ ይሻላል። ሄልሜትና ጫማውን እነሱም ማድረጋቸውማ ግዴታ ነው።

ማንኛውም መፍትሔ ፊታቸው ሲቀርብም ይመርምሩት። «ስልጠና ይሰጥ፣ ጓንት ይገዛ» የሚል ብቻ ከሆነ ይመልሱት። አደጋውን ከነጭራሹ ማጥፋት ይቻላል? ካልሆነ አደጋው ባነሰ ነገር መተካትስ? ካልሆነ በመከለያ ወይም በሌላ ምህንድስና ከሰው መለየትስ? የአሠራር ደንብና ስልጠና ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል፤ ጓንትና መነጽር የመጨረሻው መከላከያ ነው። የመጀመሪያዎቹ መፍትሔዎች ብዙ ጊዜ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ገንዘቡን የሚፈቅዱት ደግሞ አለቆችሽ ናቸው።

ሌላው ነገር፣ የማምረቻ መስመሩን የማቆም ሥልጣን ነው። ቶዮታ ውስጥ ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ስቦ ወይም ቁልፍ ተጭኖ እርዳታ ይጠራል፤ ችግሩ በጊዜ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ገመዱን መስቀል ቀላል ነው። ፈተናው ጭነት ዘግይቶ፣ ደንበኛ እየደወለ ሳለ አንዱ ሲያቆም ነው። ያን ሰዓት አለቃው የሚናገራትን የመጀመሪያ ቃል ፋብሪካው ሁሉ ይሰማታል። «አመሰግናለሁ፣ ምን አየህ?» ካለ ነገም የሚያቆም ይኖራል። ፊቱን ካጠቆረ ግን ገመዱን የሚነካ አይኖርም።

ረጅም ሰነድ አትጻፊላቸው። ለወራት ሳይፈቱ ከቆዩት አቤቱታዎች የሌላ ክፍል ትብብር ወይም በጀት የሚፈልገውን አንዱን ምረጪ። አለቃሽን ይዘሽ ቦታው ድረስ ሂጂ፣ ሠራተኛው ራሱ ያስረዳቸው። ከመመለሳችሁ በፊት ማን እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ማን ተመልሶ ለሠራተኛው እንደሚነግረው አስወስኚያቸው።