«የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ከኋላው ሌላ በቀለ!»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ልጄ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። ሰሞኑን ጥርሷን ስቦርሽላት ከታችኞቹ የፊት ጥርሶቿ ኋላ፣ በምላሷ በኩል፣ ጫፉ እንደ መጋዝ የሆነ አዲስ ጥርስ ብቅ ብሎ አየሁ። የወተቱ ጥርስ ትንሽ ይነቃነቃል እንጂ አልወለቀም። እናቴ «ድርብ ጥርስ ሆና ልትቀር ነው፣ በክር አስረን እንንቀለው» ትላለች። ልጅቷ ክሩን ገና ስታይ ታለቅሳለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ክሩን አስቀምጪው። ይሄ በስድስትና በሰባት ዓመት ልጆች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ቋሚው ጥርስ ከድድ ውስጥ ወደ ላይ ሲገፋ የወተቱን ጥርስ ሥር ቀስ በቀስ እየበላ ያሳጥረዋል፣ ሥሩ ሲያልቅ ነው ጥርሱ ተነቃንቆ የሚወልቀው። የወለቀ የወተት ጥርስ አይተሽ ከሆነ ሥር የሌለው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ግን አዲሱ ትንሽ ወደ ምላስ ያደላና ሥሩን በደንብ ሳይነካው ያልፋል። አሮጌው ባለበት ይቆማል፣ አዲሱ ከኋላ ይደረባል። ጫፉ መጋዝ መምሰሉም አያስጨንቅሽ፣ አዲስ የፊት ጥርስ ሁሉ እንዲያ ነው፣ በማኘክ ብዛት ይስተካከላል።

መነቃነቅ ከጀመረ ጥሩ ነው። እጇን ታጥባ፣ እስካላመማት ድረስ፣ ራሷ በጣቷና በምላሷ ወዲያ ወዲህ ታድርገው። ካሮትና የዳቦ ቅርፊት በፊት ጥርሷ ትግመጥ። የወተቱ ሲወልቅ ምላሷ አዲሱን ቀን በቀን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ቦታ ካገኘ በጥቂት ወራት ረድፉ ውስጥ ይገባል። የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ነገር አሁን አታስቢ።

ክሩን ግን ከልቤ ነው የምቃወመው። ሥሩ ያላለቀ ጥርስ በጉልበት ሲነቀል ተሰብሮ ስባሪው ድድ ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ ይደማል፣ ሊያመረቅዝም ይችላል፣ ልጅቷም ከዚያ በኋላ አፏን ለጥርስ ሐኪም መክፈት ትፈራለች። እናትሽን «እማዬ፣ ራሱ ይወልቃል፣ ያኔ ጣሪያ ላይ አንቺ ታስወረውሪያታለሽ» በያት።

የወተቱ ጥርስ ጭራሽ ካልተነቃነቀ፣ ሁለት ሦስት ወር ጠብቀሽ ካልወለቀ፣ ወይም ድዱ ካበጠ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ከአዘዞ በታክሲ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጥርስ ክፍል መድረስ ትችያለሽ። የተደረበው በላይኛው ረድፍ ቢሆን ኖሮ ቶሎ አሳያት እልሽ ነበር፣ ምክንያቱም የላይኛው ከታችኞቹ ኋላ ከገጠመ እዚያው ተቆልፎ ሊቀር ይችላል። እስከዚያው በሁለቱ ጥርሶች መሃል ምግብ ስለሚሸጎጥ ማታ ማታ ብሩሹን ወደ ላይ አቁመሽ ከኋላ በኩል ቦርሺላት።

ጥያቄ፦ ከማራኪ ነኝ። የስድስት ዓመት ልጄ መንጋጋው መጨረሻ ላይ ትልቅ ጥርስ አብቅሏል፣ ግን ምንም የወለቀ የለም። ጥቁር ነጥብ አይቼበታለሁ። የወተት ከሆነ ይወልቃል ብዬ ልተወው?

መልስ፦ አትተወው ወንድሜ! ያ ቋሚ መንጋጋ ነው። በ6 ዓመት ገደማ ከ20ዎቹ የወተት ጥርሶች ኋላ ይበቅላል፣ ሲበቅል የሚወልቅለት የወተት ጥርስ ስለሌለ ብዙ ወላጅ ልብ አይለውም። ተቦርቡሮ ከተነቀለ ሌላ አይመጣለትም። በዚሁ ሳምንት አሳየው፣ ቀዳዳው ትንሽ እያለ በቀላሉ ይሞላል።