«ሰረቁኝ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

አገር ቤት እንግሊዝኛ የተማርነው ጎ፣ ዌንት፣ ጎን እያልን በመሸምደድ ነው። ሰው አገር ስንኖር ግን የሚያስቸግረን እሱ አይደለም። አማርኛው በአንድ ግስ የሚገላገለውን ነገር እንግሊዝኛው ለሁለትና ለሦስት ሲከፍለው ነው የምንቸገረው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ግስ ገንዘብም ጤናም ሊያስከፍል ይችላል።

«ሰረቀ»ን እዩት። ስልኬን ሰረቁኝ እንላለን፣ እንዲሁ ደግሞ ሰረቁኝ ብለን እናቆማለን። በእንግሊዝኛ ከ«ስቲል» ቀጥሎ የሚመጣው የተወሰደው ዕቃ ነው፣ ከ«ሮብ» ቀጥሎ ደግሞ የተዘረፈው ሰው ወይም ቦታ። ፖሊስ ጋ ደውላችሁ «ዜይ ስቶል ሚ» ካላችሁ እኔን ራሴን ወሰዱኝ እንደማለት ነው። «ዜይ ስቶል ማይ ፎን» በሉ። በአሜሪካም በእንግሊዝም ሕግ «ሮበሪ» ጉልበት ወይም ማስፈራራት ያለበት ወንጀል ነው፤ ሌባው ሳታውቁት ከኪሳችሁ ከወሰደ ያንን ቃል ተዉት።

ሐኪም ቤት ደግሞ «ወደቅኩ» የምትባለዋ ቃል ታስቸግራለች። «አይ ፌል» ስትሉ ሐኪሙ የሚያስበው ስብራትን ወይም የተመታ ቦታን ነው። ራሳችሁን ስታችሁ ከሆነ የወደቃችሁት «አይ ፓስድ አውት» ወይም «አይ ፌይንትድ» በሉ፣ ያኔ ልባችሁን፣ ግፊታችሁንና ስኳራችሁንም ለማየት ያስባል። አደራ «ፓስድ አዌይ» እንዳይሆን፣ እሱ አረፈ ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የሥራው ነገር ያሳስበኛል። እኛ ተባረርኩ ማለት ስለሚከብደን «ለቀቅኩ» እንላለን። ለወዳጅ ዘመድ እንደዚያ በሉ፣ ግድ የለም። አሜሪካ ውስጥ የአንኢምፕሎይመንት፣ ማለትም ሥራ ላጣ ሰው የሚሰጠውን ክፍያ መጠየቂያ ፎርም ስትሞሉ ግን «ኩዊት» ብሎ መጻፍ ሌላ ነገር ነው። ዝርዝሩ እንደየስቴቱ ቢለያይም ክፍያው በመሠረቱ ያለ ጥፋቱ ሥራ ላጣ ሰው የታሰበ ነው። በራሱ ፈቃድ የወጣ ሰው በቂ ምክንያት ካላሳየ ብዙውን ጊዜ ይከለከላል። ድርጅቱ ሥራ ቀንሶ ካሰናበታችሁ «አይ ዎዝ ሌይድ ኦፍ» ነው የሚባለው። «ፋየርድ» ደግሞ አሠሪው በሥራችሁ ወይም በጠባያችሁ ምክንያት ሲያባርራችሁ ነው፣ እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አያስከለክልም፣ ምክንያቱ ይታያል። የሆነውን በትክክል የሚናገረውን ግስ ጻፉ፣ ከአለቃችሁ የተሰጣችሁ ደብዳቤ ካለም እሱ ላይ የተጻፈውን ቃል ተመልከቱ።

ቀለል ያሉም አሉ። «አስታውሰኝ» ስንል «ሪማይንድ ሚ» ነው፣ «ሪመምበር» ራሳችን ስናስታውስ ነው። «አለኝ» የሚለው ለምዶብን «ሂ ሴድ ሚ» እንላለን፤ «ሂ ቶልድ ሚ» ነው፣ ወይም «ሂ ሴድ ቱ ሚ»። ቴሌቪዥን «ኦፕን» አይደረግም፣ «ተርን ኦን» ነው። እነዚህን ብትስቱ ሰሚው ይረዳችኋል፣ አትሸማቀቁ፣ ቀስ እያላችሁ ታስተካክላላችሁ።

ግስ ስትይዙ ብቻውን አትያዙት። ስልካችሁ ላይ ስትጽፉ ከነተከታዩ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጉት። የአማርኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አምስት ግስ ደርድሮ ይሰጣችሁና የትኛው የት እንደሚገባ ሳይነግራችሁ ይቀራል፤ ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ለቋንቋ ተማሪዎች ያዘጋጇቸው ግን በምሳሌ ያሳያሉ፣ ኢንተርኔት ላይም በነጻ ይገኛሉ።

ጉዳዩ ከበድ ሲል ደግሞ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛንም ያቀፈ ነው፣ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ልጃችሁን ግን ለዚህ ብላችሁ ሐኪም ቤት አትጎትቱት። እዚያ የተወለደ ልጅ እንግሊዝኛው ቢቀናውም «ራሴን ሳትኩ» ስትሉት ምን እንዳላችሁ ላይገባው ይችላል፣ ከገባውም የእናቱን ሕመም ለሐኪም መናገር ለሱ ከባድ ነው።