«ተፋትቻለሁ፣ መቁረብ እችላለሁ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በተክሊል ተጋብታችሁ ነበር። አሁን ደሴ ፍርድ ቤት ፍቺው ጸድቋል። ሌላ ባል አላገባሽም። መቁረብ እችላለሁ ወይ፣ ሌላ ሰው ለትዳር ቢጠይቀኝስ፣ ልጆቼስ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ምን ይባላሉ ብለሻል። ለእህትሽ ልጅ ስለ ክርስትና እናትነትም ጣል አድርገሻል። ከሥር የተጻፈልሽ መልስ አብዛኛው «ካቶሊክ ከተፋታ አበቃለት» የሚል ነው። አብሽሪ፣ አላበቃም።

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ቤተሰቤ ከእምድብር የመጣ ካቶሊክ ነው። ባሌ ዓረብ ሀገር ሄዶ እዚያው ሌላ ትዳር መሠረተ። ቤቱና የልጆቹ ነገር መስመር እንዲይዝ ፍርድ ቤት ሄጄ ተፋታሁ። ስለዚህ የምነግርሽ ካህን ጠይቄ የተረዳሁትን፣ ራሴም የምኖረውን ነው።

መቁረብ ትችያለሽ። መፋታት ብቻውን ከቁርባን አይከለክልም፤ ከቤተ ክርስቲያን ማባረርማ ጭራሽ የለም። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ፣ ማለት የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፋችን ራሱ፣ መብትን ለማስከበር፣ ልጆችን ለመጠበቅ ወይም ንብረትን ለማዳን ሌላ መንገድ ከሌለ፣ በሀገር ሕግ መፋታት ኃጢአት እንደማይሆን ይናገራል። ሳይፈልግ የተፈታና ለትዳሩ ታማኝ ሆኖ የቆየ ሰውም ትዳሩን ሆን ብሎ ካፈረሰው እኩል እንደማይታይ በግልጽ ጽፏል። ባል የሚደበድብ ከሆነ፣ ለሚስት ወይም ለልጆች አደጋ ከሆነ፣ ተለይቶ መኖር በቀኖናውም የተፈቀደ ነው። ጥፋቱ ያንቺ ከሆነ ደግሞ ንስሐ አለ። ገብተሽ፣ የሚስተካከለውን አስተካክለሽ ትቆርቢያለሽ።

ታዲያ «ተባረረች» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ሙሉ በሙሉ ከአየር የመጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1884 ጳጳሳቱ ተፋተው ሌላ ያገቡ ካቶሊኮችን የሚያወግዝ ሕግ አውጥተው ነበር። በ1977 ተነሣ። እሱም ቢሆን ሌላ ያገባውን እንጂ የተፋታውን ሁሉ አልነካም።

እኛ ሀገር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ካቶሊክ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የሚፈርድብሽ ጎረቤት አብዛኛውን ጊዜ ካቶሊክ አይደለም። እያንዳንዱ በራሱ ቤት ሕግ ነው የሚያይሽ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ በሰማንያ ነው የሚጋቡት፤ በቁርባን የሚጋባው ጥቂት ነው። እና በቁርባን የተጋባ ሰው ተፋታ ሲባል ይደነግጣሉ። እኔ ሸማ ለብሼ ወደ ቅዳሴ ስሄድ «አሁንም ትቆርቢያለሽ?» ያለችኝ አለች፤ ክፋት አልነበራትም፣ ገርሟት ነው። የሙስሊም ጎረቤቴ ደግሞ በተቃራኒው ናት። ቡና ላይ ቁጭ ብላ «ዒዳሽን ጨርሰሽ አግቢ እንጂ፣ ምን ያስቀምጥሻል!» ትለኛለች። በሷ ሃይማኖት ፍቺው ካለቀና ዒዳው፣ ማለት ከፍቺ በኋላ የምትጠብቀው ጊዜ፣ ከሞላ ሴቲቱ ነጻ ናት። አንዷ መቁረቤ ይገርማታል፣ ሌላዋ አለማግባቴ። ሁለቱም ይወዱኛል፤ የኔን ቤተ ክርስቲያን ሕግ ግን ሁለቱም አያውቁትም።

የሚያመው የራሳችን ሰው ሲሆን ነው። አንድ የሴቶች ማኅበር ውስጥ «ለወጣቶች አርአያ አትሆንም» ተብዬ ከአገልግሎት ገሸሽ ተደርጌ ነበር። እንዲህ የሚል ቀኖና የለም። ቆሞሱ፣ የቁምስናችን አለቃ ካህን፣ ሲሰሙ ተቆጡ። አንቺንም እንዲህ የሚልሽ ካጋጠመሽ፣ በየቤቱ አትከራከሪ፤ ቀጥ ብለሽ ለካህኑ ንገሪ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ከባዱ ነው። አላለሳልስልሽም።

ሁለት የተጠመቁ ሰዎች በሥርዓቱ ተጋብተው አብረው ከኖሩ፣ ያን ማሰሪያ ፍርድ ቤትም ጳጳስም አይፈታውም። በመንግሥት ሕግ ነጻ ነሽ፤ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ግን እሱ አሁንም ባልሽ ነው። ሌላ ሰው ማዘጋጃ ቤት ወስዶ ቢያስፈርምሽ ጋብቻው በመንግሥት የታወቀ ይሆናል፤ ቁርባኑ ግን የሚቆመው ያኔ ነው። ሰዎች ሁለቱን ይቀላቅላሉ። የሚያስቆመው ፍቺው ሳይሆን ሁለተኛው ጋብቻ ነው።

አንድ በር አለ። የመጀመሪያው ጋብቻ ከመነሻው ያልጸና እንደሆነ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ሊያጣራ ይችላል። ጥያቄው ያን ቀን፣ ቃል ስትገቡ፣ ምን ነበር የሚል ነው። ቤተሰብ ጨርሶት ልጅቷ በፍርሃት «እሺ» ካለች፣ አንዱ ልጅ ላለመውለድ በልቡ ወስኖ ከገባ፣ ትልቅ ነገር ደብቆ ካታለለ፣ ወይም የትዳርን ኃላፊነት ለመሸከም አእምሮው የማይችል ከነበረ፣ ጉዳዩ ይታያል። ከሠርጉ በኋላ መጠጣት ጀመረ፣ ከሠርጉ በኋላ ሌላ ወደደ፣ ይህ ብቻውን አይበቃም። ምስክር ይሰማል፤ ባልሽም እንዲያውቅ ይደረጋል። እምቢ ብሎ ባይመልስ እንኳ ጉዳዩ አይቆምም። ለጋብቻው መጽናት የሚከራከር ሰውም ይመደባል፤ ካልተረጋገጠ በቀር ጋብቻ እንደጸና ነው የሚቆጠረው።

ድሮ ሁለት ፍርድ ቤቶች አንድ ዓይነት ውሳኔ መስጠት ነበረባቸው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያን አስቀሩት። ይግባኝ ካልተባለ አንድ ውሳኔ ይበቃል። ማስረጃው ግልጽ ከሆነና ሁለቱ ከተስማሙ ጳጳሱ በአጭር መንገድ ሊወስኑ ይችላሉ። በዚያው ዓመት ነው የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው፤ ስለዚህ ጉዳይሽን የምትጀምሪው ከቁምስናሽ ካህን ቢሆንም፣ የሚመለከታቸው ጳጳስ የኛው ናቸው።

እኔ አላመለከትኩም። ያን ቀን እኔም እሱም ወደን፣ ደስ ብሎን ነው የተጋባነው። የሚጠየቅ ነገር የለኝም። ይህ ቀላል ኑሮ አይደለም፤ በተለይ በበዓል ቀን። ያንቺ ታሪክ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ «ሳልፈልግ ነው የዳሩኝ» የሚል ነገር ካለበት ዝም ብለሽ አትቀመጪ።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የምንመራው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የምሥራቃውያን ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ነው። በሱ መሠረት ለጋብቻ የካህን ቡራኬ ግድ ነው። ሁለት ካቶሊኮች ያለ ፈቃድ በማዘጋጃ ቤት ብቻ ከተጋቡ በቤተ ክርስቲያን ፊት የጸና ጋብቻ የለም፤ ከተፋቱም የእነሱ ጉዳይ በሰነድ ቶሎ የሚያልቅ ነው።

ሌላ ያገቡትም ቢሆኑ ተጥለዋል ማለት አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ከቤተ ክርስቲያን እንደተለዩ አይቁጠሩ፣ ቅዳሴ ይምጡ፣ ይጸልዩ፣ ልጆቻቸውን በእምነት ያሳድጉ ብለዋል። ፍራንቸስኮስ በ2016 ደግሞ ካህናት የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ ለየብቻ እያዩ አብረው እንዲጓዙ ጻፉ። ይህ ጽሑፍ ጳጳሳቱን ራሳቸውን ያከራከረ ስለሆነ፣ አንድ ቦታ የሰማሽውን ይዘሽ ሌላ ቦታ አትሟገቺ።

ልጆችሽ የሕጋዊ ጋብቻ ልጆች ናቸው። ነገ ጋብቻው አልጸናም ቢባል እንኳ ይህ አይለወጥም። ዲቃላ የሚል ካለ ባለጌ ነው፣ ሌላ አይደለም።

የክርስትና እናት መሆንም ትችያለሽ። ሌላ ትዳር የለሽም፣ ትቆርቢያለሽ፣ በቃ። ብቻ የእህትሽን ልጅ የሚያጠምቁትን ካህን አስቀድመሽ አነጋግሪ፤ ስምሽ መዝገብ ላይ ስለሚገባ የራስሽን የጥምቀትና የሜሮን ማስረጃ ሊጠይቁሽ ይችላሉ።