ጥያቄና መልስ፦ ለጓሮ የጭስ ስጋ ተራ ከሰል ወይስ ብሪኬት?

ስጋን ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ፣ በዝቅተኛ ሙቀትና በጭስ፣ ለሰዓታት ስለማብሰል የጠየቃችሁኝን ዛሬ በአንድነት እመልሳለሁ። አብዛኛው ጥያቄ የሚዞረው በከሰሉ ዙሪያ ነው፤ ከማዳበሪያ የሚዛቀው ተራ የእንጨት ከሰል ይሻላል ወይስ ተጨምቆ በአንድ መጠን የሚሠራው ብሪኬት?

ጥያቄ (ደሴ፣ ሆጤ)፦ ጋሼ፣ ሐተታው ይቅርና የትኛውን ልግዛ?

ወንድሜ፣ ስንት ሰዓት ልታበስል ነው? ዶሮ ወይም የበግ ጎድን ከሆነ፣ ማለትም በሦስትና በአራት ሰዓት የሚያልቅ ነገር ከሆነ፣ ተራውን ከሰል ግዛ። ቶሎ ይግላል፤ አየር ስትከፍትለት ወዲያው ይነሣል፣ ስትዘጋበት ይረጋል፤ አመዱም ጥቂት ነው። የበሬ ፍርምባ አስበህ ከሆነ ግን ብሪኬት ካገኘህ አትለፈው። ፍሬዎቹ እኩል ስለሆኑ እኩል ይነዳሉ፤ የበርሜሉም ሙቀት ከ107 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል ውስጥ ሳይዋዥቅ ይቆያል። ተራው ከሰል ውስጥ የክንድ ያህል ጉማጅና የአውራ ጣት ያህል ስባሪ አብረው ስላሉ፣ ትንሹ ነድዶ ሲያልቅ ትልቁ ገና መጀመሩ ነው። ብሪኬት አጣሁ ብለህ ግን ድግሱን አታስቀር። ከሰሉን በእጅህ ለይተህ የጡጫ ያህል የሚሆነውን ብቻ ብትጠቀም ልዩነቱ በጣም ይጠባል።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ብሪኬት የስጋውን ጣዕም ያበላሻል ይላሉ። እውነት ነው?

በደንብ የተያያዘ ብሪኬት አያበላሽም። ተራ ከሰልም ቢሆን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ጣዕም አይሰጥም። ከሰል ማለት ጭሱን ሲከሰል የጨረሰ እንጨት ነው፤ ሥራው ሙቀት መስጠት ነው። የጭስ ጣዕም የሚመጣው በፍሙ ላይ ከምታስቀምጠው ደረቅ እንጨትና በፍሙ ላይ ከሚንጠባጠበው ስብ ነው።

የብሪኬት መጥፎ ሽታ የሚመጣው ገና ሲያያዝ ነው። የከሰል ብናኝ ብቻውን ስለማይጣበቅ በስታርች ይለወሳል፤ አንዳንዱ ሠሪ ሸክላ አፈርም ይጨምርበታል። ይህ ማጣበቂያ ነድዶ እስኪያልፍ ጭሱ ደስ አይልም። ስለዚህ ፊቱ ግራጫ አመድ እስኪለብስ ጠብቅ። በመሃል መጨመር ካስፈለገም ሌላ ምድጃ ላይ አያይዘህ ጨምር እንጂ ጥሬውን ስጋው ሥር አትወርውር። ከውጭ ከሚመጡት ውስጥ በቶሎ እንዲያያዙ ነዳጅ የተነከሩ አሉ፤ እነሱን ለስጋ አልመክርም።

ጥያቄ (ደሴ፣ አራዳ)፦ የውጭ አገር መመሪያ የፍርምባው ውስጥ 95 ዲግሪ ሲደርስ አውጪ ይላል። የእኔ 91 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። ከሰል ብጨምርም ስጋው ደረቀ እንጂ ሙቀቱ አልወጣም። ከሰሌ ነው ችግሩ?

እህቴ፣ ከሰልሽ ምንም አላጠፋም። ይህ ጥያቄ በመምጣቱ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ብዙ የደሴ ፍርምባ በዚሁ ምክንያት ደርቆ ይቀራል።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እኛ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ዝቅ ስላልን በ94 ገደማ ይፈላልናል። ስጋ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ የስጋው ውስጥ ከመፍያው ነጥብ ማለፍ አይችልም። 95 እስኪሆን መጠበቅ ማለት ደሴ ላይ ስጋው እስኪደርቅ መጠበቅ ማለት ነው። መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። አንቺ ከ87 ጀምረሽ በቀጭን የብረት ዘንግ ወጋ አድርጊው፤ ወፍራሙ ቦታ ላይ ሳይታገል ከገባና ሳይታገል ከወጣ ጅማቱ ቀልጧል፣ አውጪው።

ከዚያ በፊት፣ 65 እና 75 መካከል ላይም ሙቀቱ ለሰዓታት ይቆማል። እሱ ከላዩ የሚተነው እርጥበት ስጋውን ስለሚያቀዘቅዘው ነው። በአልሙኒየም ፎይል ጠቅለል ብታደርጊው ያልፋል። ከሰል በመጨመር ለማሸነፍ አትሞክሪ፤ ዳሩ ያርራል።

አየሩም ደሴ ላይ ሳሳ ያለ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ የታችኛውን የአየር ቀዳዳ መመሪያው ከሚለው ሰፋ አድርጊ። በተለይ በብሪኬት ስትሠሪ አመዱ ስለሚበዛና ፍርግርጉን ስለሚደፍን በየሁለት ሰዓቱ ነቅነቅ አድርጊው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ)፦ ገበያ ላይ ጥሩ ከሰል በምን ይለያል?

ከማዳበሪያው አፍ ላይ የተደረደረውን አትመን፤ እጅህን ወደ ጎን አስገባ። ሁለት ጉማጅ አውጥተህ አጋጭ። በደንብ የከሰለ ጠንካራ እንጨት እንደ ሸክላ ስባሪ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ያልበሰለው ግን ድፍን ድምፅ ነው ያለው። ስትሰብረው ፊቱ ጥቁርና አብረቅራቂ መሆን አለበት። ቡናማ መስመር ካየህበት ውስጡ ገና እንጨት ነው፤ በርሜሉ ውስጥ ወፍራም ነጭ ጭስ እየለቀቀ ስጋውን መራራ ያደርገዋል። ከቆላ፣ ከባቲ መስመር የሚመጣው የግራር ከሰል ከባድና ፍሙ የሚቆይ ነው። የባሕር ዛፍ ከሰል ቀላል ነው፤ ለቡና ይበቃል፣ ለፍርምባ ግን ስትጨምር ትውላለህ።

ከሥር የሚቀረውን ብናኝና አፈር ወደ በርሜሉ አትገልብጠው፤ የአየሩን መንገድ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ በላምባ ወይም በፌስታል ማያያዝ ምን ችግር አለው?

ስጋው ይጠጣዋል፤ ልጆችህም ይበሉታል። ግርጌውን የበሳኸው ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ ውሰድ፤ ከሥር ወረቀት፣ ከላይ ከሰል አድርግ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ይቀላል።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ለጭሱ የትኛውን እንጨት ልጠቀም? ግቢያችን ውስጥ ባሕር ዛፍና ጽድ አለ።

ሁለቱንም ተዋቸው። የባሕር ዛፍ ዘይትና የጽድ ሙጫ ስጋውን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኙታል። እናቶቻችን የወተት ዕቃ ሲያጥኑ ወይራ የመረጡት በከንቱ አይደለም፤ ለበግና ለበሬ ስጋ ወይራን የሚያህል አላገኘሁም። የደረቀ የቡጢ ያህል ጉማጅ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ለዶሮ የኮክ፣ የዘይቱን ወይም የብርቱካን እንጨት ለስለስ ይላል። ጭሱ ስስና ሰማያዊ መልክ ያለው ይሁን።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ለአረፋ የምናርደውን በግ በዚያው ቀን በጭስ ማብሰል ይቻላል?

ጉበቱንና ጥብሱን በዕለቱ ብሉ፤ ወርቹን ግን ለማግስቱ አቆዩት። ከታረደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ስጋው ይገትራል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ ሲላላ ነው ጭስ የሚስማማው። ለወርች አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ያዙ። ሁለቱን ከሰሎች መቀላቀል የሚያምረውም እዚህ ላይ ነው፤ ያልተያያዘ ብሪኬት በበርሜሉ ጠርዝ ዙሪያ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በግማሽ ክብ ደርድሩ፣ አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ የቀላ ተራ ከሰል አስቀምጡ። እሳቱ ከጫፍ ወደ ጫፍ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ እናንተ እንግዳ ማስተናገድ ትችላላችሁ። ጥሬ ብሪኬት አትጨምሩ ያልኩት በአንዴ ብዙ ስለሚጨመረው ነው፤ እዚህ በየተራ አንድ ሁለት ፍሬ ብቻ ስለሚያያዝ ሽታው አይታወቅም።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ ልጄ፣ የእኔ ልጅ ክረምት ላይ ዝናብ ሲመጣ በርሜሉን ወደ ሰርቪስ ቤት ያስገባዋል። ፍሙ ከቀላ አይጎዳም ይለኛል።

እማማ፣ እባክዎ ዛሬውኑ ያስቁሙት። የቀላ ፍም አይጎዳም የሚለው አነጋገር ሰው ይገድላል። የሚታየው ጭስ ቢጠፋም ፍሙ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልቀቁን አያቆምም፤ ተራ ከሰልም ሆነ ብሪኬት በዚህ ረገድ አንድ ናቸው። ሰውየው ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ከዚያም መነሣት ያቅተዋል። በር ገርበብ ማድረግ አይበቃም። ማታ ደሴ ሲበርድ የተረፈውን ፍም መኝታ ቤት ማስገባትም ያው ነው። ዝናብ ከመጣ ከበርሜሉ ራቅ አድርጎ፣ አራቱም ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ዳስ ይሥራለት፤ ካልሆነም ስጋው ለሌላ ቀን ይቆይ።

ጥያቄ፦ በርሜሉ ምን ዓይነት ይሁን?

የምግብ ዘይት የነበረበት። ኬሚካል የነበረበትን በእሳት አጸዳዋለሁ አትበል። ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮም ለእሳቱ ሳጥን አይሆንም፤ ሲግል የሚለቀው ጢስ መርዝ ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ለደናችን የሚሻለው የቱ ነው?

ከቡና ገለባ፣ ከሰጋቱራ ወይም ከከሰል ብናኝ የተሠራ ብሪኬት። ነገሩ ሲጀመርም ከትራፊ ነው የተጀመረው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ የፎርድ መኪና ኩባንያ ከእንጨት ፋብሪካው የተረፈውን ቁርጥራጭ ብሪኬት አድርጎ ይሸጥ ነበር። ወሎ ተራራው ተራቁቶ ምን እንደደረሰበት የምናውቅ ሰዎች ግራር ሲቆረጥ ደንታ ቢስ መሆን አንችልም። በአፋር ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለው ዛፍ ከሰል ከተገኘ ግን ያለ ጭንቀት ግዙ፤ ጠንካራ ነው፣ መቆረጡም ለአርብቶ አደሩ ይጠቅማል። ተራ ከሰል ስትጠቀሙም ስጋው እንደወጣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ድፈኑ፤ ፍሙ ይጠፋል፣ የተረፈው ለሚቀጥለው ይሆናል።

ጥያቄ፦ አመዱን ለጓሮ አትክልት ልጠቀምበት?

የተራውን ከሰል አመድ በትንሽ በትንሹ መበተን ትችያለሽ። የብሪኬቱን ከምን እንደተሠራ ካላወቅሽ ጣይው። ሁለቱንም ግን በማግስቱ፣ ከሥር ከሥሩ በእንጨት ነካክተሽ መብረዱን ካረጋገጥሽ በኋላ።