ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ስሜን ተራራ ላይ ሲፓፔን በምን ላስነሳው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሜሪላንድ የምኖር የ52 ዓመት ሰው ነኝ። ስሊፕ አፕኒያ (እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሕመም) ስላለብኝ ሦስት ዓመት ሙሉ የተኛሁት አየር በግፊት እየነፋ ጉሮሮዬን ክፍት በሚያደርገው በሲፓፕ ማሽን ነው። ጥር ላይ ከልጆቼ ጋር ስሜን ተራሮች ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ እናድራለን። መብራት የለም። የትኛውን ባትሪ ልግዛ? ካለቀብኝ ጓደኛዬ የሰጠኝ የእንቅልፍ ኪኒን አለ፤ ለብርዱም ትንሽ አረቄ እንይዛለን። ባለቤቴ ግን «ያለ ማሽኑ ከተኛህ ትሞታለህ» እያለች አስፈራርታኛለች።

መልስ፦ ከባለቤትዎ ልጀምር። የልብ ድካም ወይም ሌላ ከባድ የልብና የሳንባ ሕመም ከሌለብዎ፣ ማሽኑ አንድ ሌሊት ስለጠፋ ይሞታሉ ብዬ አልሰጋም። ማሽኑን ከማግኘትዎ በፊት ስንት ዓመት ተኝተዋል! ያንኮራፋሉ፣ ይባንናሉ፣ ጠዋት ራስዎ ከብዶዎት ይነሳሉ። በማግስቱ መኪና አይንዱ እንጂ ያልፋል።

የሚያስፈራኝ ኪኒኑ ነው። እንቅልፍ ሲወስድዎ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላና የአየር መንገዱ ይዘጋል። ያን ጊዜ የሚያተርፍዎት አንጎልዎ ነው፤ ደንገጥ አድርጎ ያነቃዎታል። ኪኒኑ ያንን አንጎል ያደነዝዘዋል። አረቄው ደግሞ ጡንቻውን ጭራሽ ያላላዋል። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ዘበኛውን አስክሮ፣ በሩን ከፍቶ እንደመተኛት ነው። እሱም አዲስ አበባ ሳይሆን ስሜን ተራሮች ላይ ባለው የሳንቃበር ሰፈር፣ ከ3,200 ሜትር በላይ፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ! ጓደኛዎ ሐኪም ናቸው? ለእሳቸው የታዘዘ ኪኒን የእርስዎን ጉሮሮ አያውቅም። «አረቄ ያሞቃል» የሚለውንም ይተዉት። ደም ወደ ቆዳ ስለሚወጣ ሙቀት የተሰማዎት ይመስልዎታል እንጂ ሰውነትዎ እየቀዘቀዘ ነው። ስንት ጊዜ እንደምናገረው! ለብርዱ ወፍራም ካልሲና ሻይ ይበቃል።

ባትሪው ቀላሉ ነገር ነው። ኃይሉን የሚበላው አየሩን የሚያሞቀውና የሚያረጥበው ክፍል ነው። እሱንና የሚሞቀውን ቱቦ ያጥፉ። ያኔ 95 ዋት ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ገደማ ያለው ትንሽ የሲፓፕ ባትሪ በመካከለኛ ግፊት ብዙውን ጊዜ አንድ ሌሊት ይወጣዋል። ሦስት ይያዙ። ትልቅ ባትሪ እንዳይገዙ፤ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም። ከ100 በታች የሆነው ያለ ልዩ ፈቃድ ይገባል፣ ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ። ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ሶኬት ኃይል የሚቀይር መሣሪያ) ኃይል ያባክናል፤ ለማሽንዎ የተሠራውን የባትሪ ገመድ ይግዙ። ብርድ ባትሪ ያደክማልና መሬት ላይ አያስቀምጡት፣ ልብስ ላይ ያድርጉት።

ያልጠየቁኝ አንድ ነገር አለ። የማሽንዎ መመሪያ የከፍታ ወሰን ይኖረዋል፤ አንዳንዱ 2,600 ሜትር አካባቢ ላይ ያቆማል። ጨነቅ የሚባለው የስሜን ሰፈር ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ማሽኑ ቢነሳም ግፊቱ ሊያንስ ይችላል። ከፍታው ራሱም ትንፋሽን ያቆራርጣል። ስለዚህ በአንድ ቀን አይውጡ፤ ጎንደር ይደሩ፣ ደባርቅ ይደሩ። ቁጭ ብለው ሳለ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ንግግርዎ ከተምታታ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይውረዱ።

ማሽኑን የሚከታተልልዎትን ሐኪም ከጉዞው በፊት ያግኙ። ኪኒኑን ለጓደኛዎ ይመልሱ። ባትሪው ሲደርስዎት ደግሞ አንድ ሌሊት እዚያው መኝታ ቤትዎ ውስጥ፣ ሶኬቱን ነቅለው ይተኙበት፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያልቅ እዚያ ይወቁት።