ጀርባው ባዶ የሆነው የፖላንድ የብር ሳንቲም

ፎቶ ለጥፈህ «የሚየሽኮ ሽማግሌው (የ12ኛው ክፍለ ዘመን የፖላንድ መስፍን) ሳንቲም ነው ብለው ሊሸጡልኝ ነው፤ ግን እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ ጀርባውም ባዶ ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ ዕብራይስጥ ነው፤ ፎርጅድ ይሆን?» ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ የጠቀስካቸው ነገሮች ሁሉ በእውነተኛውም ላይ አሉ። በእነሱ አትደንግጥ።

ይህ ዓይነቱ ሳንቲም ብራክቴያት ይባላል። ስሱን ብር እንደ ቆዳ ባለ ለስላሳ ነገር ላይ አድርገው ከላይ በአንድ ማኅተም ብቻ ይመቱታል። ስለዚህ ጀርባው የራሱ ምስል ስለሌለው ባዶ ይመስላል እንጂ፣ ፊቱ ላይ ያበጠው ምስል እዚያ ተገልብጦ ይሰረጉዳል። እኔ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። ፊቱ ጥርት ብሎ ጀርባው ልሙጥ ከሆነ አልገዛም።

ስስነቱ ከመስፍኑ ገቢ ጋር አብሮ ይሄዳል። የፖላንድ ገዥ የነበረው ቦሌስዋፍ ሦስተኛ እ.ኤ.አ. በ1138 ሲሞት አገሩ ለልጆቹ ተከፋፈለ፣ ከእነሱ አንዱ ሚየሽኮ ነው። በዚያ ዘመን መሳፍንቱ አሮጌውን ሳንቲም ሰብስበው በአዲስ ይቀይሩ ነበር፤ ሕዝቡ ብዙ አስረክቦ ጥቂት ይቀበላል፣ ልዩነቱ ለመስፍኑ ይገባል። ቶሎ ተመልሶ ለሚቀልጥ ገንዘብ ማን ወፍራም ብር ያባክናል? ሚየሽኮ በዚህ በጣም ገፋበት። የባለሥልጣኖቹን ጭካኔ ታሪክ ጸሐፊው ቪንሰንቲ ካድውቤክ አምርሮ ጽፎበታል፣ በ1177ም ከዋናው መቀመጫ ከተማ ከክራኮው ተባረረ።

ዕብራይስጡ የመጣው ገንዘብ ማተሙን የያዙት አይሁዶች ስለነበሩ ነው። አንዳንዱ ላይ «በረከት» የሚል አለ። ሌላው ላይ ፊደሉ ዕብራይስጥ ሆኖ ቋንቋው ስላቭ ነው፤ «ሚየሽኮ የፖላንድ ንጉሥ» ይላል፣ ሰውየው ዘውድ ሳይጭን! እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። እስራኤል ያላችሁ አባላት ፊደሉን ራሳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፣ ግን አንዳንዱ ተዛብቶ ወይም ተገልብጦ ስለተቀረጸ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

ከገዛኸው ደግሞ አደራ፣ አትፈትገው፣ የታጠፈውንም ላቃና አትበል፤ ይሰነጠቃል። ጠንካራ ማስቀመጫ ውስጥ ይግባ። ከየት እንደመጣም ጠይቅ፤ ፖላንድ ውስጥ ከመሬት የወጣ ቅርስ የመንግሥት ነው፣ ወረቀት የሌለውን እኔ አልነካም።

አሁን ሻጩ ጀርባውን ከጎን በሚመጣ ብርሃን አንስቶ ይላክልህ፣ ክብደቱንም ይንገርህ። እዚሁ ለጥፈውና አብረን እናየዋለን።